ክረምቱን በባትሪ፣ ብርዱን በፔርሙዝ፦ ከባሕር ዳር የሥራ ማስታወሻ

ግንቦት 10፣ 2017 — ጭነት ቆጠራ

ቤቱ ከጣና ዳር ብዙም አይርቅም። ሦስት ክፍል፣ የብሎኬት ግድግዳ፣ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚፈስ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ኮርኒስ የለውም። በስተምዕራብ ትልቅ ማንጎ አለ።

ላለፉት ሁለት ሳምንታት መብራት የጠፋበትና የመጣበት ሰዓት በወረቀት ተይዟል፦ 9 ጊዜ፣ አጭሩ 20 ደቂቃ፣ ረጅሙ 11 ሰዓት። ስድስቱ የጀመሩት ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ክረምቱ ገና አልገባም።

ዕቅዱ ላይ ለውጥ ያመጣው ይህ ወረቀት ነው። የሚጠፋው ለቀናት አይደለም፣ ለሰዓታት ነው። በአካባቢው የማመንጨት ችግር የለም፤ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ከ2002 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። የሚበላሸው የመጨረሻው ኪሎ ሜትር ነው፦ ነፋስ የጣለው ባሕር ዛፍ፣ የዘመመ ምሰሶ፣ መብረቅ የመታው ትራንስፎርመር። ስለዚህ የሚያስፈልገው ከመስመሩ ሙሉ በሙሉ የሚያላቅቅ ሶላር ሳይሆን ከምሽት እስከ ጠዋት የሚያሻግር ባትሪ ነው። ይህ በዚህ ገጽ ላይ ተጽፎ እያለ ለሁለት ወር ተረስቷል።

የአንድ ሌሊት ፍጆታ፦ 4 ኤልኢዲ አምፖል ባለ 9 ዋት ለ5 ሰዓት፣ 180 ዋት ሰዓት። ራውተር 10 ዋት ለ12 ሰዓት፣ 120። ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን 45 ዋት ለ3 ሰዓት፣ 135። አራት ስልክ፣ 50። ላፕቶፕ 60 ዋት ለ2 ሰዓት፣ 120። ድምር 605። ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን 220 ቮልት የሚቀይረው) ሲቀይር 15 በመቶ ገደማ ይበላል፤ ስለዚህ ከባትሪ የሚወጣው 710 አካባቢ ነው። ኢንቨርተሩ ምንም ሳይሰካበት ለራሱ የሚወስደው አልተቆጠረም (ስህተት፣ የሰኔ 24ን ይመልከቱ)።

ፍሪጅ ከዝርዝሩ ወጥቷል። በሩ ካልተከፈተ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ፍሪዘሩ ውስጥ ሁለት ሃይላንድ ውሃ አስገብቶ በረዶ ማድረግ ጊዜውን ያራዝመዋል። ስቶቭና ምጣድ ፈጽሞ አይታሰቡም።

ግንቦት 17 — የመኪና ባትሪ

እቤት የነበረ ባለ 70 አምፔር ሰዓት የመኪና ባትሪና ባለ 1,000 ዋት ርካሽ ኢንቨርተር (5,500 ብር) ተሞከሩ። በወረቀት 12 ቮልት ሲባዛ 70፣ 840 ዋት ሰዓት ይመጣል። በተግባር አምፖልና ቴሌቪዥን ይዞ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ቆየና ኢንቨርተሩ መጮህ ጀመረ።

የመኪና ባትሪ የተሠራው ለሞተር ማስነሻ ነው፤ ለጥቂት ሰከንድ ብዙ አምፔር ይሰጣል። ሳህኖቹ ቀጫጭን ስለሆኑ በየቀኑ እስከ ታች ሲወርድ ይረግፋሉ። ከግማሽ በታች ማውረድ አይገባም፤ ያረጀ ሲሆን ደግሞ ግማሹም የለም። ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ነው፣ ተቀጣጣይ ነው፣ መኝታ ቤት አይቀመጥም።

ኢንቨርተሩ ሞዲፋይድ ሳይን የሚባለው ነው። ሞገዱ እንደ ደረጃ የተቆረጠ ነው። አምፖሉ ችግር የለበትም፣ የራውተሩ ቻርጀር ግን እጅ እስኪያቃጥል ጋለ፣ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ውስጥ "እዝዝ" የሚል ነገር ገባ። ተመልሶ ለመሸጥ ተቀመጠ፤ እስካሁን የጠየቀ የለም። በምትኩ ባለ 600 ዋት ፒዩር ሳይን ተገዛ፣ 12,500 ብር። ጭነቱ አንድ ላይ ቢበራ 200 ዋት ስለማይሞላ 600 ይበቃል። ትልቅ ኢንቨርተር ባዶውንም ብዙ ይበላል።

ግንቦት 29 — ፓኔል ጣሪያ ላይ

አንድ ባለ 200 ዋት ፓኔል፣ 11,500 ብር። ከ4 ሴንቲ ቱቦላሬ የተበየደ ፍሬም፣ ሁለት ቀን ጸረ ዝገት የተቀባ። ከጣሪያው በ10 ሴንቲ ከፍ ብሏል፤ ፓኔል ሲግል ጉልበቱ ስለሚቀንስ ከሥሩ ነፋስ ማለፍ አለበት።

ብሎኑ የሚገባው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፣ በሸለቆው አይደለም። ከአራቱ ሁለቱ ሞራሌው የሚያልፍበትን ለማግኘት ሲባል ሸለቆ ላይ ተበሱ። የመጀመሪያው ዝናብ ዕለት ሳሎን ተንጠባጠበ። ሲልከን ተቀባ፣ በሳምንቱ ተላቀቀ፤ እርጥብና አቧራማ ቆርቆሮ ላይ ሲልከን አይይዝም። መፍትሔው ብሎኑን ነቅሎ፣ ቀዳዳውን በቁራጭ ቆርቆሮና በሪቬት ዘግቶ፣ ጉብታ ላይ እንደገና መብሳት ነበር። ከላይ ጎማ ዋሸር፣ ከጎማው በላይ የብረት ዋሸር።

ፓኔሉ ወዴት ይዙር? ሁሉም "ወደ ደቡብ" ይላል። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ 12 ገደማ እስከ ነሐሴ 16 ገደማ የቀትር ፀሐይ ከራስ በላይ አልፋ በሰሜን በኩል ናት፤ ሰኔ 14 አካባቢ 12 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ማለትም ፀሐይ እጅግ በምታስፈልግበት ክረምት ደቡብ የሚያይ ፓኔል ጀርባውን እየሰጣት ነው። በጋውን በደንብ የሚሠራው ደቡብ ነው፣ በጋ ግን ፀሐይ አልጠፋችም። ፓኔሉ በሰሜኑ ክንፍ ላይ በ10 ዲግሪ ተዳፋት ተቀመጠ። ከዚያ በታች ከተዳፋ ዝናቡ አቧራውንና የወፍ ኩሱን አያጥበውም፣ የታችኛው ጠርዝ ላይ ጭቃ ይተኛል። ደመና ሲሆን ብርሃኑ ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚመጣ አቅጣጫው ያን ያህል አይገድም።

ሰኔ 6 — የጠፋው 2 ቮልት

ፓኔሉ ጫፍ ላይ በቴስተር ሲለካ 18.9 ቮልት፣ ኮንትሮለሩ (ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠረው) ጋ ሲደርስ 17። መሃል ያለው 14 ሜትር ባለ 2.5 (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ ነው። ሂሳቡ፦ መሄጃና መመለሻ 28 ሜትር፣ ሲባዛ 0.0175 (የመዳብ ተቃውሞ)፣ ሲካፈል ለ2.5፣ 0.196 ኦም። በ10 አምፔር ወደ 2 ቮልት ይሆናል። 20 ዋት ያህል ሽቦውን ለማሞቅ ይሄዳል።

ባለ 6 ሽቦ ተገዛ፣ 30 ሜትር በ140 ብር፣ 4,200። ባለ 2.5ቱ (1,960 ብር) ለቤት ውስጥ ሶኬት ዋለ ቢባልም ለዚህ ሥራ ኪሳራ ነው። ጣሪያ ላይ የሚታየው ክፍል በኮንዲዩት ውስጥ ገብቷል፤ ተራ የቤት ሽቦ ፀሐይ ላይ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይሰነጠቃል። ሽቦው ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች አንድ ዙር ተንጠልጥሎ ነው የሚመለሰው፤ ውሃው ተከትሎ እንዳይገባ።

ሌላ ነጥብ፦ ለፓኔሉ ማቋረጫ ተራ የቤት ብሬከር ተገጥሞ ነበር። ዲሲ (የፓኔልና የባትሪ ኃይል) ሲቋረጥ የሚፈጠረው የእሳት ቅስት እንደ ኤሲ (የመስመር ኃይል) በሰከንድ መቶ ጊዜ ዜሮ ላይ አያልፍምና ቶሎ አይሞትም፣ ብሬከሩ ውስጥ ይነዳል። ዲሲ ተብሎ የተጻፈበት ተፈልጎ ተቀየረ። ሻጩ "ያው ነው" ይላል፤ ያው አይደለም።

ሰኔ 15 — ሊቲየም

12.8 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት፣ ሊቲየም አይረን ፎስፌት፣ 48,000 ብር። ከሁሉም ውዱ ዕቃ። ጄል ባትሪ ወደ ግማሽ ዋጋ ነበር፣ ግን ግማሹን ብቻ ነው መጠቀም የሚቻለው። ከዚህኛው 80 በመቶ ቢወጣ 1,020 ዋት ሰዓት ነው።

ከባትሪ ወደ ኢንቨርተር ያለው ገመድ ባለ 16፣ ርዝመቱ ከ1 ሜትር በታች። 600 ዋት ሙሉ ቢወጣ 60 አምፔር ገደማ ይፈሳል። ባለ 80 አምፔር ፊውዝ ከፖዘቲቩ ጫፍ በ15 ሴንቲ ላይ። ፊውዙ ኢንቨርተሩ ጋ ከተደረገ መሃል ላይ ገመዱ ቢላጥና ቢነካካ የሚያቆመው የለም።

የገመድ ጆሮው (ተርሚናሉ) በፒንሳ ተቀጥቅጦ ነበር የታሰረው። ከአንድ ሰዓት ሥራ በኋላ ጋለ፣ ፕላስቲኩ ለሰለሰ። ወደ ብየዳ ቤት ተወስዶ በሃይድሮሊክ መጭመቂያ በ200 ብር ተሠራ። ከዚያ በኋላ ለብ እንኳ አይልም።

ሰኔ 24 — ባትሪው ራሱን ዘጋ

ሁለት ችግር በአንድ ሳምንት።

አንደኛው፦ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ እያለ ኃይል ተቋረጠ። ባለ 1,800 ብሩ ፒደብሊውኤም ኮንትሮለር ፋብሪካው ላይ የተቀመጠው ለአሲድ ባትሪ ነው፤ በየጊዜው "ኢኳላይዝ" (የአሲድ ባትሪን ሴሎች ለማመጣጠን ከፍ አድርጎ መሙላት) እያለ እስከ 14.8 ቮልት ይወጣል። በባትሪው ውስጥ ያለው ቢኤምኤስ የሚባለው መጠበቂያ ይህን አይቶ ዘጋ። ማስተካከያው፦ መሙያ 14.2፣ ፍሎት (ከሞላ በኋላ የሚቆይበት) 13.5፣ ኢኳላይዝ ዜሮ፣ የሙቀት ማካካሻ ዜሮ። ኮንትሮለሩ እነዚህን ቁጥሮች አንድ በአንድ መቀየር የማይፈቅድ ከሆነ ለሊቲየም አይሆንም።

ሁለተኛው፦ ጠዋት ባትሪው ከተጠበቀው በታች ነበር። ኢንቨርተሩ ባዶውን 0.7 አምፔር፣ 9 ዋት ይበላል። በ24 ሰዓት 216 ዋት ሰዓት ማለት ነው፤ አራቱም አምፖሎች ከሚበሉት ይበልጣል! ቀን መብራት ሲኖር ማንም አያጠፋውም ነበር። አሁን ለኢንቨርተሩ ማጥፊያ በር አጠገብ ተደርጓል። ራውተሩ ከኢንቨርተር ወጥቶ በቀጥታ በ12 ቮልት ይሠራል፤ ባትሪው ሲሞላ 14.2 ስለሚደርስ መሃል ላይ 12 ቮልት አርጊ ሬጉሌተር ገብቷል። ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ኢንቨርተሩ ይጠፋል፣ ራውተሩ ይቀጥላል።

የቮልት ንባብ በሊቲየም ላይ ያታልላል። ከ90 በመቶ እስከ 30 በመቶ 13.3 እና 13.0 መካከል ይዋኛል። የሚገባና የሚወጣውን አምፔር የሚቆጥር ሻንት ያለው መለኪያ ነው የሚያስፈልገው።

ሐምሌ 4–24 — ፀሐይ ጠፋች

የፓኔሉ ዕለታዊ ምርት በዋት ሰዓት፦ 390፣ 310፣ 120፣ 180፣ 440፣ 400፣ 290፣ 510። የስምንት ቀን አማካይ 330። ግንቦት መጨረሻ ላይ 610 ነበር። የሌሊቱ ፍላጎት ከ700 በላይ።

በጣና ዙሪያ ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ማታና ሌሊት ነው የሚበረታው፤ ጠዋት ደመናው ሳይነሳ ይረፍዳል። ከ5 ሰዓት በፊት የሚገባው ከቁጥር አይገባም። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ሲሆን ደግሞ የማንጎው ጥላ ፓኔሉን ይይዛል። የሚቀረው አራት ሰዓት ነው።

ተጨማሪ ፓኔል (11,500) እና ኤምፒፒቲ ኮንትሮለር (9,000) ተገዛ። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ፒደብሊውኤም ፓኔሉን ጎትቶ ወደ ባትሪው ቮልት ያወርደዋል። ፓኔሉ በ19 ቮልት 10.5 አምፔር ሊሰጥ ይችል የነበረውን በ13.3 ቮልት 10.5 አምፔር ይሰጣል፤ 200 ዋቱ 140 ሆነ ማለት ነው። ኤምፒፒቲው ትርፉን ቮልት ወደ አምፔር ይለውጣል። ሁለቱ ፓኔሎች በተከታታይ (በሲሪስ) ታሰሩ፤ ቮልቱ ወደ 38 ስለወጣ በባለ 6ቱ ሽቦ የሚጠፋው ከ2 በመቶ ብዙም አይበልጥም። ከመታሰሩ በፊት የኮንትሮለሩ ከፍተኛ ቮልት ይታይ፦ ባዶ ሲሆኑ የሁለቱ ድምር 48 ይደርሳል፤ ባለ 50 ቮልት ኮንትሮለር ብርዳማ ጠዋት ላይ ሊቃጠል ይችላል። የተገዛው ባለ 100 ነው።

ከሐምሌ 16 እስከ 24፣ አማካይ 820። ዝቅተኛው 260። አማካዩ ለፍላጎቱ በቂ ነው፤ ሦስት ጨለማ ቀን ሲከታተል ግን አማካይ አምፖል አያበራም። ሐምሌ 23 ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ባትሪው አለቀ።

ሐምሌ 27 — መልሱ ግድግዳው ላይ ነበር

የግንቦት 10 ወረቀት ተመልሶ ተነበበ። ሐምሌ ውስጥም መብራት በቀን ቢያንስ 10 ሰዓት ይመጣል። ባትሪው ግን ከመስመሩ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም፤ በሶኬቱ ውስጥ ኃይል ሞልቶ ደመና እየተጠበቀ።

ባለ 14.4 ቮልት፣ 20 አምፔር የሊቲየም ቻርጀር፣ 7,800 ብር። በአራት ሰዓት 80 አምፔር ሰዓት ያስገባል፣ ከግድግዳ 320 ዋት ገደማ ይስባል። ከዚህ ቀን ወዲህ ባትሪው አንድም ሌሊት አላለቀም። ቻርጀሩ መጀመሪያ ተገዝቶ ቢሆን ሁለተኛው ፓኔል ባላስፈለገ፣ 11,500 ብር በቆጠበ። እንደዚህ ቤት መስመር ገብቶ የሚቆራረጥበት ሰው በዚህ ቅደም ተከተል ይግዛ፦ ባትሪ፣ ቻርጀር፣ ኢንቨርተር። ፓኔል ገንዘብ ሲተርፍ። ዘጌ ወይም ደሴቶቹ ላይ መስመር ለሌለው ቤት ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ፓኔሉ ይቅደም፣ ልኩም በነሐሴ ፀሐይ ይሰላ።

በመጀመሪያው ሌሊት የተሠራ ስህተት፦ ቻርጀሩ የተሰካው ኢንቨርተሩ በሚያበራው ሶኬት ላይ ነበር። መብራት ሲጠፋ ኢንቨርተሩ ቻርጀሩን፣ ቻርጀሩ ባትሪውን፣ ባትሪው ኢንቨርተሩን። በየዙሩ እየጎደለ በሦስት ሰዓት ግማሹ ባከነ። ቻርጀሩ ከቼንጅ ኦቨሩ (ቤቱን ከመስመሩ ወደ ኢንቨርተሩ ከሚያዞረው ማብሪያ) በፊት፣ በመስመሩ በኩል መሰካት አለበት።

ስለ ቼንጅ ኦቨር

ይህ ክፍል ቀን የለውም፤ ከመጀመሪያው ሳምንት መሠራት ነበረበት።

በየሰፈሩ የሚታየው ዘዴ ሁለቱም ጫፉ ወንድ ሶኬት የሆነ ገመድ ነው፤ አንዱ ኢንቨርተር ወይም ጀነሬተር ላይ፣ ሌላው ግድግዳው ላይ። ዋናው ብሬከር ካልጠፋ ኃይሉ በቆጣሪው አልፎ ወደ ትራንስፎርመሩ ይሄዳል። ትራንስፎርመር በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል፦ 15 ሺህ ቮልቱን ወደ 220 እንደሚያወርድ ሁሉ 220ውን ወደ 15 ሺህ ያወጣል። ምሰሶ ላይ "መብራት የለም" ብሎ የወጣ ሠራተኛ ይገደላል። መብራት ድንገት ሲመጣ ደግሞ ኢንቨርተሩ ይነዳል። የገመዱም ጫፍ ባዶ ሲሆን ሕፃን የሚነካው 220 ነው። ይህ ገመድ በምንም ሰበብ አይሠራ።

ባለ ሦስት ቦታ (1–0–2) ቼንጅ ኦቨር፣ 1,600 ብር። ፌዙንም ኒውትራሉንም አብሮ የሚቆርጥ ባለ ሁለት ፖል መሆን አለበት። ፌዙን ብቻ የሚቆርጥ ተሞክሮ ነበር፤ ብዙ ኢንቨርተሮች ሁለቱም መውጫቸው ኃይል ስላለበት ከቤቱ ኒውትራል ጋር ሲገናኙ ፊውዝ ይበጥሳሉ። የበጠሰው ፊውዝ ብቻ መሆኑ ዕድል ነው። ከማከፋፈያው ሳጥን የአምፖሎቹና የሁለት ሶኬት መስመር ተለይቶ ወደ ቼንጅ ኦቨሩ ገባ፤ ምጣድ፣ ስቶቭ፣ ፍሪጅ ከዚያ ውጭ ናቸው። እንዲህ ካልተለየ አንድ ሰው ሳያውቅ ስቶቭ ያበራል።

ሐምሌ 30 — ሲመጣ የሚያቃጥለው

ዕቃ የሚቃጠለው ሲጠፋ ሳይሆን ሲመጣ ነው። ማታ 1 ሰዓት ላይ 168 ቮልት ተለክቷል፤ ሌሊት 9 ሰዓት 241። ከሁሉም የሚከፋው የሰፈሩ ኒውትራል ሲበጠስ ነው፦ በሁለት ፌዝ መካከል ያለው 380 ቮልት በቤቶቹ ጭነት ይከፋፈላል፣ ብዙ ያበራው ቤት ይደበዝዛል፣ ጥቂት ያበራው ከ300 በላይ ሊደርሰው ይችላል። አምፖል ከወትሮው በላይ ከደመቀ ዋናው ብሬከር ወዲያው ይጥፋ።

የቮልቴጅ መከላከያ 1,500 ብር፦ ዝቅተኛ 175፣ ከፍተኛ 250፣ ሲመለስ የሚቆይበት 180 ሰከንድ። የቆይታው ጊዜ ለፍሪጁ ነው፤ ኮምፕረሰሩ ግፊቱ ሳይወርድ ወዲያው ከተነሣ ይታነቃል። ስታቢላይዘር ይህን ሥራ አይተካም፤ ዝቅታውን ያነሣል እንጂ 300 ቮልት ሲመጣ አብሮ ይነዳል።

ለመብረቅ፦ የሰርጅ መከላከያ (2,200)፣ 1.5 ሜትር የመዳብ ዘንግ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ አፈር ውስጥ ተቀብሮ። የፓኔሉ ፍሬም ጭምር ከዚሁ ዘንግ ጋር ታስሯል። ቅርብ የወደቀ መብረቅን ይህ ሁሉ አያቆመውም፤ ነጎድጓድ ሲቀርብ የቴሌቪዥኑ ሶኬትና የዲሹ ገመድ ይነቀላሉ። ያም ነጻ ነው።

ነሐሴ 8 — ሙቀት ከባትሪ አይወጣም

የመጀመሪያው ፈተና ሻይ ነበር። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። 1 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ለማፍላት 86 ዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ሁለት ሊትር ማለት የሌሊቱን አምፖል ሙሉ ማለት ነው። ባለ 1,000 ዋት ስቶቭ ሙሉ ባትሪውን በአንድ ሰዓት ይጨርሳል፣ በ600 ዋት ኢንቨርተር ደግሞ አይነሣም። እዚህ ላይ ክርክር የለም፦ ባትሪው ለብርሃንና ለስልክ።

ስለዚህ ሙቀት የሚከማቸው መብራት እያለ ነው። ሁለት ባለ 2 ሊትር ፔርሙዝ ከምሽቱ 11 ሰዓት ላይ ይሞላሉ። ፔርሙዙ መጀመሪያ በፈላ ውሃ ይታጠብና ይደፋል፣ ከዚያ እስከ አፉ ይሞላል፤ ግማሽ ባዶ ሆኖ ሲቀመጥ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ሽሮም ሆነ ምስር አንድ ፍላት ከፈላ በኋላ ድስቱን በጋቢ ጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ ማስቀመጥ ይሠራል፤ ባቄላ አልበሰለም።

እንጀራ የተለየ ጣጣ ነው። ሊጥ ኩፍ ካለ መብራትን አይጠብቅም። መብራት ሲመጣ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ አንድ ላይ ምጣድ ይሰካል፤ ቮልቱ 170 ከሆነ የምጣዱ ጉልበት በቮልቱ ካሬ ስለሚወርድ ከመቶ 60 ብቻ ይቀራል። የ3,500 ዋቱ ምጣድ 2,100 ሆነ ማለት ነው። እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ይጣበቃል፤ ጥፋቱ በሊጡ ይሳበባል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ 225 ቮልት አለ፤ ያኔ ይጋገር። ለማይጠብቀው ሊጥ ማድ ቤት ውስጥ ምርጥ ምድጃ አለ፤ እሳቱን ስለሚሸፍን ማገዶው ከሦስት ጉልቻ በብዙ ይቀንሳል። ማገዶው ከነሐሴ በፊት መግባት አለበት። እርጥብ እንጨት ከጉልበቱ ከፊሉን የራሱን ውሃ ለማትነን ይጨርሳል።

ከሰል፦ ማዳበሪያው መሬት ላይ ከተቀመጠ ከሲሚንቶው እርጥበት ይመጣል፣ ሲያያዝ ይፈነጥቃል። ሁለት ቁራጭ ሞራሌ ከሥር፣ ላስቲክ ከላይ። ማንደጃው ውስጡ ሸክላ ያለው ላቀች ነው፤ ሙሉ ላሜራ ከሆነው ሙቀቱን ይይዛል።

የሚደጋገመው አደጋ፦ "ፍም ሆኗል፣ ጭሱ አልቋል" ተብሎ ማንደጃው መኝታ ቤት ይገባል። ጭስ የለም ማለት ካርቦን ሞኖክሳይድ የለም ማለት አይደለም፤ ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ከሰል ቀይ ሆኖ ሲግል እንኳ ይወጣል። ለብርዱ ተብሎ መስኮት ሲዘጋና በበሩ ሥር ጨርቅ ሲጠቀጠቅ ይብሳል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሰዎችን አብሮ ከያዘ ሌላ ምክንያት ሳይፈለግ ወደ ውጭ መውጣት፣ ከዚያ ሐኪም ቤት። ሰው በተኛበት ክፍል ውስጥ ከሰል አያድርም፣ በቃ።

መስከረም 9፣ 2018 — ጥገና

የሐይቁ ዳር ነፍሳት በብርሃን ይሰበሰባሉ፤ የኢንቨርተሩ ማራገቢያ ሞቶ ነው የተገኘው፣ በክንፍ ተሞልቶ። አየር መግቢያው ላይ የወንፊት ሽቦ ታስሯል፣ በወር አንዴ በብሩሽ ይጠረጋል። ተርሚናሎቹ ላይ አረንጓዴ ዝገት ጀምሯል፤ ታጥቦ ቫዝሊን ተቀብቷል። ብሎኖቹ ሁሉ ሩብ ዙር ላልተዋል።

ጳጉሜን 4 ሕዳሴ ከተመረቀ በኋላ "እንግዲህ ይህን ሁሉ ሽጡት" የሚል ምክር መጥቷል። ግድቡ ኃይል ያመነጫል፤ መንገድ ላይ የወደቀውን ባሕር ዛፍ አያነሣም። ባትሪው ይቆያል።

ወጪ፦ ሥራ ላይ ያለው ዕቃ፣ ማያያዣዎቹና ፊውዞቹ (2,400) ተደምረው 112,200 ብር። የከሰረው፣ ማለትም ርካሹ ኢንቨርተር፣ ፒደብሊውኤሙና ቀጭኑ ሽቦ፣ 9,260። ሁለተኛው ፓኔል ከየትኛው ወገን እንደሚቆጠር አልተወሰነም።

ታኅሣሥ 20 — እውነተኛው ብርድ

ክረምቱ ርጥብ ነው እንጂ እንደ ታኅሣሥ አይበርድም። ሰማዩ ሲጠራ ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከቤት ውጭ 9 ዲግሪ፣ ቤት ውስጥ 12.5። መብራት በዚህ ወቅት ብዙ አይጠፋም፣ ቢኖርም ግን ኮርኒስ በሌለው ቤት ማሞቂያ ማብራት ጣሪያ ማሞቅ ነው።

መኝታ ቤቱ ብቻ ባለ 8 ሚሊ ቺፕውድ ኮርኒስ ተሠራለት። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መሃል ያለው ክፍተት በሁለቱም ጫፍ የእጅ መዳፍ የሚያህል ወንፊት ያለው መተንፈሻ አለው፤ ያለዚያ ቆርቆሮው ሌሊት ያልበው ውሃ ቺፕውዱን ያሳብጠዋል። በሩ ሥር ያለው 2 ሴንቲ ክፍተት በቁራጭ የመኪና ጎማ ላስቲክ ተዘጋ። በሳምንቱ በተመሳሳይ ውጭ 9 ዲግሪ፣ ውስጥ 15.5። ያለ አንድ ዋት።

አልጋ ውስጥ የሚገባ ሙቅ ውሃ፦ 2 ሊትር ውሃ ከ60 ወደ 30 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 70 ዋት ሰዓት ይሰጣል፣ ብርድ ልብስ ውስጥ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ይቆያል። ሃይላንድ ውስጥ የፈላ ውሃ ሲደረግ ፕላስቲኩ ተጨማድዶ ክዳኑ ጋ አፈሰሰ፤ ከ70 ዲግሪ በላይ አይችልም። ከፔርሙዙ ሦስት እጅ፣ ከቧንቧ ሁለት እጅ ሲቀላቀል 60 አካባቢ ይሆናል። ክዳኑ ከተጠበቀ በኋላ ተገልብጦ ይፈተሻል፣ ካልሲ ይለብሳል።

ጥር 14 — ቀሪ ሥራ

ሳሎኑ ኮርኒስ አልተሠራለትም። የማንጎው የምሥራቅ ቅርንጫፍ ከተቆረጠ ከ9 ሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ ይገኛል፤ በፍሬው ምክንያት እስከ ግንቦት ተላልፏል።